ከጅማ ወደ ዱር እንስሳት ፓርክ ለሚወርድ ሙስሊም ቤተሰብ፦ በድንኳን የማደር መመሪያ

የበጋው ወራት በገባ ቁጥር በጅማ የሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ልጆቻችንን ይዘን ጨበራ ጩርጩራ ወርደን ሁለት ሦስት ሌሊት በድንኳን ብናድር፣ ሶላታችንን በወቅቱ ሰግደን፣ ሐላል ምግባችንን በልተን፣ ሁላችንም በደኅና መመለስ የምንችለው እንዴት ነው?» ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጅማ ጎጀብን ተሻግረው ከሚደርሱበት ከጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ የተወሰዱ ቢሆኑም፣ አሠራሩ ወደ ነጭ ሣር፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ጋምቤላ ወይም ድንበር ተሻግሮ ወደ ኬንያ ለሚሄድም ያገለግላል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መግሪብ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከውሃ የሚወጣበት፣ ሱብሒ ደግሞ ወደ ውሃው የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ጅብ፣ ነብርና አንበሳም የሚንቀሳቀሱት በእነዚሁ ሰዓቶች መካከል ነው። ስለዚህ ዱር ለሚያድር ሙስሊም ቤተሰብ ከፍተኛው አደጋ ያለው መኪና ውስጥ ሆኖ ዝሆን በሚያይበት ጊዜ ሳይሆን፣ በድንግዝግዝታ ውዱእ ለማድረግ ወደ ወንዝ በሚወርድበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት እርምጃዎች ብዙዎቹ የተቀመጡት ይህን ለማስቀረት ነው።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች (ለስድስት ሰው)

- ከድንኳኖቹ ቢያንስ አንዱ አዋቂ ቀጥ ብሎ ሊቆምበት የሚችል፣ ወለሉ ከግድግዳው ጋር የተሰፋና ዚፑ በደንብ የሚከፈትና የሚዘጋ ድንኳን
- ባለ 20 ሊትር ጄሪካኖች፣ ክዳናቸው የማያፈስ፣ የመጠጡና የመታጠቢያው በቀለም ወይም በክር የተለየ
- ሁለት ማንቆርቆሪያ (ኢብሪቅ)፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ክዳን ያለው ባልዲ
- ለመጸዳጃና ለገላ መታጠቢያ መከለያ የሚሆን ሸራና ገመድ፣ አነስተኛ አካፋ
- ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ መስገጃ ወይም ከመስገጃው ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ
- ኮምፓስ፣ በወረቀት የተጻፈ የሶላት ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ፊሽካ
- አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ አዘውትረው የሚወስዱት መድኃኒት
- የውሃ ማከሚያ (ውሃ አጋር ወይም የክሎሪን እንክብል) እና ነጭ ወፍራም ጨርቅ
- ጠበቅ ባለ ክዳን የሚዘጉ ቆርቆሮዎች፣ የራስዎ ድስትና ሳህን፣ የጋዝ ምድጃ
- በትንሽ ከረጢት የተቋጠረ፣ የደረቀና አቧራ ያለው ንጹሕ አፈር (ምክንያቱ በ7ኛው እርምጃ ይገኛል)

ልብስን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በኦሞና በጎጀብ ሸለቆዎች ቆላማ ቦታዎች የቆላ ዝንብ (ፄፄ) ይገኛል፤ ይህ ዝንብ ወደ ጥቁርና ወደ ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ይሳባል፤ ዝንቡን ለመያዝ የሚዘጋጁ ወጥመዶችም ከእነዚህ ቀለሞች ጨርቅ የሚሠሩት ለዚሁ ነው። ስለዚህ እናቶችና እህቶች ጥቁሩን ጅልባብና አባያ ቤት ትተው አፈርማ፣ ግራጫ ወይም የቅጠል ቀለም ያለው፣ ወፈር ያለና ሰፊ ልብስ ቢይዙ ንክሻው ይቀንስላቸዋል። ወንዶችም ከጥቁር ሱሪ ይቆጠቡ።

1. ወቅቱንና የመነሻ ቀኑን ይምረጡ። ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ቶሎ ስለሚጀምር ከመጋቢት በኋላ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሣሩም ቁመት ስለሚያወጣ እንስሳውን ከሩቅ ማየት አይቻልም። ዓርብ ማለዳ አይነሡ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ከሱብሒ በኋላ ጁሙዓን በሚያሳልፍ ጉዞ መውጣት አይፈቀድም፣ ከጁሙዓ በኋላ ቢነሡ ደግሞ ሲመሽብዎ ይደርሳሉ። ቅዳሜ ማለዳ መነሣት ሁለቱንም ችግር ያስቀራል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን በበጋው ወራት ውስጥ ስለሚውል ቀኑን አስቀድመው ያመሳክሩ።

2. ሥጋውን ከቤትዎ አሰናድተው ይውጡ። «በግ ጭነን ሄደን እዚያው ብናርድስ?» ለሚለው መልሱ አይሆንም ነው። የቤት እንስሳ ወደ ፓርክ ማስገባት ክልክል ነው፤ ከዚያም ባሻገር ደሙና ፈርሱ መሬት ላይ ከፈሰሰ ሽታው በውሃ አይለቅም፣ ጅብን ወደ ድንኳንዎ ይጠራል። በመንገድ ላይ የሙስሊም ሥጋ ቤት አገኛለሁ ብለውም አይተማመኑ። ከጉዞው ከሳምንት በፊት በቤትዎ አርደው ወይም ከሚያውቁት ሥጋ ቤት ገዝተው ቋንጣ ያዘጋጁ፦ ሥጋውን በጣት ውፍረት ዘልዝለው፣ ጨውና በርበሬ አሽተው፣ ጭስ በሚያገኝበት ቦታ ይስቀሉት። የጅማ አየር እርጥበት ስለሚበዛው ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ አያውርዱት፤ መሐሉ ለስለስ ካለ በላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ከዚያ ውጭ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ሽሮና ቴምር በቂ ነው። ብርቱካንና ሙዝ ግን ከልክ በላይ አይያዙ፤ ዝሆንም ዝንጀሮም ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ።

3. ውሃውን አስልተው ይጫኑ። ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር ይያዙ፦ 3 ሊትር ያህል ለመጠጥ፣ 2 ሊትር ለምግብና ለዕቃ፣ 5 ሊትር ለውዱእና ለኢስቲንጃ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ይህም ከአንድ ሊትር ያነሰ ውሃ ነው። በማንቆርቆሪያ ቀስ አድርጎ የሚታጠብ ሰው በዚህ መጠን ሦስት ሦስት ጊዜ አጥቦ ይጨርሳል፤ በቧንቧ የለመዱ ልጆችን ግን ከጉዞው በፊት በቤት ግቢ ማለማመድ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ስድስት ሰው በቀን ሦስት ጄሪካን ይፈጃል። ለመጀመሪያው ሌሊትና ለማግስቱ ጠዋት የሚበቃውን ከጅማ ይዘው ይግቡ፤ ምክንያቱም ዘግይተው ቢደርሱ ውሃ ፍለጋ በምሽት አይወጡም።

4. ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳይመዘገቡ አይግቡ፣ ስካውትም (የፓርኩን ጠባቂ) ይያዙ። ስካውቱ የትኛው የወንዝ ዳር የጉማሬ መውጫ እንደሆነ፣ ዝሆኖቹ በዚያ ሳምንት በየትኛው በኩል እንደሚያልፉ ያውቃል። ሙስሊም ባይሆን እንኳ ስለ ሶላታችሁ በመጀመሪያው ቀን በትሕትና ያስረዱት፦ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትቆሙ፣ በሶላት መካከል ብትጠሩ ወዲያው እንደማትመልሱ፣ በዚያን ጊዜ ጀርባችሁን እንዲጠብቅላችሁ እንደምትፈልጉ ይንገሩት። ካልተነገረው ሶላት ላይ ያለን ሰው ደጋግሞ እየጠራ ሲጨነቅ አደጋውን ራሱን ማየት ይሳነዋል። ከቤተሰቡም አንድ ሰው አሚር (የጉዞው መሪ) ይሁን፤ ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን እንዲሾሙ በሐዲስ ታዟል፣ በዱር ደግሞ «ግቡ» ሲባል ሁሉም የሚሰማው አንድ ድምፅ መኖሩ ሕይወት ያድናል። አባባ ወይም አያት ካሉ አሚርነቱ የእነሱ ቢሆንም፣ የሌሊቱን ጥበቃ የሚመራው ጎልማሳ ሰው ይሁን።

5. የድንኳን ቦታውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይምረጡ። ቢዘገይ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተተክሎ ማለቅ አለበት። ሌሊት የሚያርፍ መንገደኛ ከመንገድ ራቅ እንዲል፣ መንገድ በሌሊት የአውሬና የተናካሽ ፍጥረት መተላለፊያ መሆኑን ሐዲስ ያስተምራል፤ ይህ በፓርክ ውስጥ ቃል በቃል የሚሠራ ነው። ሣሩ የተኛበት፣ ጭቃው የተረገጠበት፣ ፋንድያ የወደቀበት ቀጭን መስመር ካዩ የጉማሬ ወይም የዝሆን መንገድ ነውና ይራቁት። ጉማሬ በመንገዱ ላይ ያገኘውን አይዞርለትም፤ በተለይ ከውሃው ያቋረጠውን ነገር ያጠቃል። ከወንዝና ከሐይቅ ዳር ቢያንስ 200 ሜትር ይራቁ። ፍሬ ካፈራ ሾላ ወይም ዋርካ ሥር አይተክሉ፤ ጥላው ቢጋብዝም ጦጣና ዝንጀሮ ቀን፣ ዝሆን ሌሊት ይመጣበታል። ድንኳኖቹን በር ለበር አቀራርበው፣ መኪናውን በአንድ ጎን አቁመው መሐል ላይ ባዶ ቦታ ያስቀሩ፤ ያ ቦታ መስገጃችሁ ይሆናል። የእናቶችና የልጆች ድንኳን ለመኪናው የቀረበው ይሁን፤ ሹፌሩና ስካውቱ ለብቻቸው በውጭኛው በኩል ይደሩ። ቦታው ላይ ሲሰፍሩ «አዑዙ ቢከሊማቲላሂ-ት-ታማቲ ሚን ሸሪ ማ ኸለቅ» ማለትን ለልጆችም ያስተምሩ።

6. ቂብላውን በቀን ብርሃን ለይተው ምልክት ያድርጉበት። ከጅማም ሆነ ከጨበራ ጩርጩራ ቂብላው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ከነጭ ሣር 8 ዲግሪ፣ ከጋምቤላ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ሲሆን፣ ከአዋሽና ከባሌ ተራሮች ግን በቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። ኬንያ ማሳይ ማራ የሚደርስ ሰው 11 ዲግሪ ያህል ይያዝ። ኮምፓሱን ከመኪናው ብዙ እርምጃ ርቀው ያንብቡ፤ የመኪናው ብረት መርፌውን ያዛባል፣ ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋንም እንዲሁ። በጥላ መለካት የሚወዱ ሰዎች ይጠንቀቁ፦ በእኛ አገር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በጅማ ሰማይ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። በበጋ የለመዱትን ይዘው በክረምት ቢሰግዱ ጀርባዎን ለቂብላ ይሰጣሉ። አቅጣጫው ከታወቀ በኋላ ሁለት ድንጋይ በመስመር ያስቀምጡ፤ በሱብሒ ጨለማ እንደገና መፈለግ አያስፈልግም።

7. ውዱእ በሰፈሩበት ቦታ እንጂ በወንዝ ዳር አይደረግም። ውሃ የሚቀዳው ከዙህር በኋላ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከስካውቱ ጋር፣ ቢያንስ በሁለት አዋቂ ነው። አንዱ ሲቀዳ ሌላው ቆሞ ውሃውን ያያል፤ አዞ ጎንበስ ያለን ሰው ከሥር አድብቶ ይይዛልና ውሃው ዳር አይንበርከኩ፣ ገመድ ያለው ባልዲ ወርውረው ይሳቡ። የመጣው ውሃ በነጭ ጨርቅ ሳይጣራ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አይግባ። ውዱእ ላይ ውሃ ወደ አፍና ወደ አፍንጫ ስለሚገባ፣ ከምንጭና ከጅረት የተቀዳ ውሃ ውስጥ ያለች ክር የምታክል አልቅት አፍንጫ ውስጥ ገብታ ልትጣበቅ ትችላለች፤ ለቀናት ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚደማ ልጅ ካለ ይህን ጠርጥረው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ለመጉመጥመጫና ለአፍንጫ የሚሆነውን ውሃ በማከሚያ ያክሙት፤ የመጠጡን ደግሞ ያፍሉት። በሐይቅ ዳር በረጋ ውሃ እግርን መዘፍዘፍም የብልሃርዝያ በር ነው።

ውሃው አልቆ ቢመሽ፣ ወይም የቀረው ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ ወይም በእርስዎና በውሃው መካከል አውሬ ቢኖር ተየሙም (በውሃ ፈንታ በአፈር መንጻት) ይፈቀዳል፤ አውሬን መፍራት በፊቅህ መጻሕፍት ራሱን ችሎ የተጠቀሰ ምክንያት ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አቧራ ያለው ንጹሕ አፈር ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ ፈርድ ሶላትም ተየሙሙ ይታደሳል። በፓርክ ውስጥ መሬቱ ፋንድያ ስለሚበዛበት፣ ዝናብ ከጣለም ጭቃ ስለሚሆን፣ ከቤት የተቋጠረው አፈር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ነይተው እጅዎን በአፈሩ ላይ አሳርፈው ፊትዎን ያብሱ፤ እንደገና አሳርፈው ሁለቱን እጆች እስከ ክርን ያብሱ።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ በውዱእ ላይ ሆነው ከተጫሙ መንገደኛ እስከ ሦስት ቀንና ሌሊት በላዩ ማበስ ይችላል። ይህ ለቀን ጉዞ ትልቅ ምቾት ነው። ጫማው ከወለቀ ግን ማበሱ ይቀራል፣ እግር መታጠብ አለበት፤ የጨርቅ ስስ ካልሲም በሻፊዒይና በሐነፊ መዝሀብ ኹፍ (በላዩ ማበስ የሚፈቀድ ጫማ) አይሆንም።

8. ሶላቱን ከእንስሳው እንቅስቃሴ ጋር አስማምተው ያደራጁ። ከጅማ ጨበራ ጩርጩራ ያለው መንገድ ለቀስር (በጉዞ ሶላትን ለማሳጠር) ከሚያስፈልገው ርቀት (81 ኪሎ ሜትር ያህል) ስለሚበልጥ ዙህር፣ ዐስርና ኢሻ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሆናሉ፤ ሱብሒና መግሪብ አያጥሩም። በሻፊዒይ መዝሀብ የገቡበትና የሚወጡበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቀመጥ ከነየቱ ቀስሩ ይቀራል። ሻፊዒይ የሆነ ቤተሰብ ዙህርንና ዐስርን በዙህር ወቅት፣ መግሪብንና ኢሻን በመግሪብ ወቅት ቢያሰባስብ በጣም ይጠቀማል፦ ከሰዓት በኋላ እንስሳ ለማየት ሲወጣ ከመኪና ለመውረድ አይገደድም፣ ምሽት ላይም አንድ ጊዜ ሰግዶ ድንኳን ይገባል። ወደ መጀመሪያው ወቅት ሲያመጡ ጀምዑን (ሁለቱን ሶላት ማሰባሰቡን) በመጀመሪያው ሶላት ውስጥ መነየት፣ ቅደም ተከተሉን መጠበቅና ሁለቱን አለማራራቅ ግዴታ ነው። ሐነፊ የሆነ ቤተሰብ በጉዞ ስለማያሰባስብ ዙህርን ወደ መጨረሻ ወቅቱ፣ ዐስርን ወደ መጀመሪያ ወቅቱ አቀራርቦ ይሰግዳል፤ ኢሻን ደግሞ ድንኳን ውስጥ ይሰግዳል። ረጅም ድንኳን ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ በፈርድ ሶላት መቆም የሚችል ሰው የመቆም ግዴታ አለበት፣ በጉልበት ብቻ የሚገባበት ድንኳን ግን አያስቆምም።

ለሱብሒ አይቸኩሉ። ጎህ ከቀደደ እስከ ፀሐይ መውጫ ከአንድ ሰዓት በላይ አለ፤ ድንኳን ውስጥ ውዱእ አድርገው፣ ዙሪያው በዓይን መለየት ሲጀምር፣ ፀሐይ ሊወጣ 20 ደቂቃ ያህል ሲቀር በመሐለኛው ቦታ መስገድ ይችላሉ። ስካውቱ «አትውጡ» ካለ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ ይስገዱ። በጀማዓ ስትሰግዱ ቢያንስ አንድ አዋቂ ሳይሰግድ ይጠብቅ፣ ከዚያ ይተካ። ኢማሙ አጫጭር ሱራዎችን ይምረጥ። አዛኑ በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በሰው ድምፅ ይሁን። ሶላት ላይ ሳሉ እባብ ወይም ሌላ አውሬ ቢመጣ ሶላቱን አቋርጦ ሕይወትን ማዳን ግዴታ ነው፤ ልጆች ይህን አስቀድመው ካልሰሙ ከፍርሃት ይልቅ ሐፍረት ይዟቸው ቆመው ይቀራሉ።

በሰዓት ሰሌዳ የምትጠቀሙ ከሆነ የአዲስ አበባን መግሪብ እንዳለ አትውሰዱ። በበጋ በጨበራ ጩርጩራ ፀሐይ የምትጠልቀው ከአዲስ አበባ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ዘግይታ ነው፤ ጾመኛ በሬዲዮው አዛን ቢያፈጥር ጾሙን ያበላሻል።

9. ከመተኛትዎ በፊት ሰፈሩን ያጽዱ። ራት ከመግሪብ በፊት ይበላ፤ ምግብና ፍርፋሪ በሙሉ በቆርቆሮ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ይግባ፣ መስኮቱም ይዘጋ። «እሳት አውሬ ያባርራል» ብሎ ሌሊቱን ማንደድ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጠባቂ የሌለው እሳት በደረቅ ሣር ላይ ከአውሬው የበለጠ አደጋ ነው፣ ስትተኙ እሳት አትተዉ የሚለው ሐዲስም የሚከለክለው ይህንኑ ነው። በተፈቀደ ቦታ ብቻ አንድደው፣ ሲጨርሱ አመዱ እጅ እስኪያስችል ድረስ በውሃ ያጥፉት። ጫማ በደጅ ማውለቅ የቤታችን ልማድ ቢሆንም በፓርክ ውስጥ አይሠራም፦ የቆዳውን ጅብ ይወስደዋል፣ የቀረው ውስጥ ጊንጥ ያድራል። አራግፈው በላስቲክ ከተው ድንኳን ውስጥ ያስቀምጡ፤ ጠዋትም ገልብጠው ሳያራግፉ አይጫሙ። መስገጃውንም እንዲሁ።

ለሌሊት መጸዳጃ ክዳን ያለው ባልዲ በድንኳኑ ጥግ ከመጋረጃ ጀርባ ይኑር። የቀኑ መጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ በሸራ ይከለል፤ ጥላ፣ መንገድና የውሃ ዳር ላይ መጸዳዳት በሐዲስ ተወግዟል። በተቆፈረ የእንስሳ ጉድጓድ ውስጥ መሽናትም የተከለከለ ነው፣ እባብና ጊንጥ አለበትና። የንጽሕና መጠበቂያ ፎጣና የሕፃን ዳይፐር አይቀበሩም፤ ጅብና ከርከሮ ቆፍረው ያወጧቸዋል። በላስቲክ ታሽገው ወደ ጅማ ይመለሱ።

10. ልጆቹን ያዘጋጁ። ሦስት ትእዛዝ ይበቃቸዋል፦ ያለ አዋቂ ከሰፈሩ አይወጡም፣ አውሬ ሲያዩ አይሮጡም፣ ከጠፉ ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ። ወባ ስላለ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅና ነፍሰ ጡር እናት ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ቆላ መውረዱን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ውሃ ቤት ሳይለካ «ወንዝ አለ» ተብሎ መነሣት የመጀመሪያው ነው፤ ውጤቱም ሰው ሁሉ በመግሪብ ወደ ወንዝ መውረዱ ነው። ሁለተኛው መስገጃን በረጅም ሣር ላይ ማንጠፍ ነው፤ ሣሩ ዝቅ ያለበትን ገላጣ መሬት በዱላ እያንኳኩ ካዩ በኋላ ያንጥፉ። ሦስተኛው ሽቶና ዕጣን ነው፤ ለሶላት ሽቶ መቀባት የተወደደ ቢሆንም በዱር ነፍሳትን ስለሚስብ እስክትመለሱ ይቆይ። አራተኛው ሁሉንም ሰዓት በስልክ ላይ መጣል ነው፤ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል፣ በወረቀት የተጻፈው ግን ይቀራል።

አምስተኛውና በተለይ በመጨረሻው ቀን የሚሠራው ስህተት ዕቃ ሲጫን ልጆች «ውዱእ አድርገን እንምጣ» ብለው ወደ ውሃ ሲሄዱ ዝም ማለት ነው። ሁሉም ሰው በሥራ ተጠምዷል፣ ስካውቱም ተሰናብቶ ሊሆን ይችላል። የመመለሻውን ቀን ውዱእ ጄሪካኑ ከመጫኑ በፊት ሁሉም አድርጎ ይጨርስ፤ ስካውቱ የሚሰናበተውም መኪናው ከፓርኩ በር ሲወጣ ይሁን።